የሰባት ሰዓቱ ሰውዬ

ማዳም ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ ያሳዩኝ መድኃኒታቸው ያለበትን መሳቢያ አይደለም፣ ሪሞቱን ነው። «ይቺ 1 ቁጥር ናት፣ ልክ 13 ሰዓት ሲሆን ትጫኛታለሽ፣ ሌላውን አትንኪ» አሉኝ። ሌላውን ልንካ ብልስ ምን ሊገባኝ፣ በዛን ጊዜ ፈረንሳይኛዬ ከሰላምታና ከይቅርታ አያልፍም ነበር። 2013 መከር ላይ ነው (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ በሁለቱ መሀል ስመላለስ ራሴ ዞሯል)። ቦታው ሰሜን ፈረንሳይ፣ ሶም የሚባለው አውራጃ፣ ከአሚያን ከተማ በአውቶብስ ግማሽ ሰዓት የሚርቅ መንደር። ሥራዬ አዛውንት መንከባከብ ነው፣ ማብሰል፣ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ብቻቸውን እንዳይሆኑ አጠገባቸው ቁጭ ማለት። ማዳም ያኔ 84 ዓመታቸው ነበር።

ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ቀን ላይ ይመስለኛል፣ የባሮ ሽንኩርት ሾርባውን አሙቄ ሳቀርብ ማንኪያቸውን አላነሱም። «ዣን-ፒየር ይምጣ» አሉኝ። እኔ ምኑን አውቄ፣ ልጃቸው መስሎኝ ሮጬ ሦስተኛ ሳህን አመጣሁ፣ ማንኪያና ሹካውን ደረደርኩ፣ ዳቦም ጨመርኩ። ሳህኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዛ ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። በጣታቸው ቲቪውን ሲያሳዩኝ ሰዓቱ ሞላ፣ ሙዚቃው ተጀመረ፣ ክራቫት ያሰረ፣ ፊቱ አሁን ከውጭ ከነፋስ የገባ የሚመስል ሰውዬ ብቅ አለ። ማዳም ማንኪያቸውን አነሱ።

ሙሉ ስሙ ዣን-ፒየር ፔርኖ ነው። እዚህ ሀገር ቲቪ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቲኤፍ 1 በሚባለው ትልቁ ቻናል የ13 ሰዓቱን ዜና ከፌብሩዋሪ 22 ቀን 1988 እስከ ዲሴምበር 18 ቀን 2020 ድረስ ያቀረበ ሰው ነው፣ ወደ 33 ዓመት ማለት ነው፣ አምስት ፕሬዚዳንት ሲፈራረቅ እሱ እዛው ወንበር ላይ። 13 ሰዓት በኛ ሰባት ሰዓት ነው። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ጭንቅላቴ አሁንም ስድስት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ለኔ ሁሌም የሰባት ሰዓቱ ሰውዬ ነው።

ማዳም ለሱ የነበራቸው ፍቅር ግማሹ የሀገር ልጅነት ነው። የተወለደው እዚሁ አሚያን ነው፣ በ1950፣ ያደገው ደግሞ ኬቮቪዬ የምትባል የሶም መንደር ውስጥ። ማዳም «የኛ ልጅ» ነው የሚሉት፣ በአካል ግን አንድ ቀን አግኝተውት አያውቁም። ሊል ከተማ ጋዜጠኝነት ተማረ፣ «ኩሪዬ ፒካር» የሚባለው የአካባቢው ጋዜጣ ላይ እጁን አፍታታ፣ በ1975 ቲኤፍ 1 ገባ። ቻናሉ ራሱ ያኔ ነው የድሮው የመንግሥት ብሮድካስት ድርጅት ሲበተን የተፈጠረው። የሌሊት ዜና አነበበ፣ ለሁለት ዓመት ያህልም የ13 ሰዓቱን ዜና ከኢቭ ሙሩዚ ጋር አቀረበ።

ሙሩዚን ዩቲዩብ ላይ ፈልጋችሁ እዩት። ፍጹም ሌላ ፍጥረት ነው፣ የፓሪስ ሰው፣ የሌሊት ሰው፣ ዝነኛ ከዝነኛ ጋር የሚውል። በአፕሪል 1985 ፕሬዚዳንት ሚተራንን በላይቭ ኢንተርቪው ሲያደርግ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ነው፣ በአራዳ ቋንቋ «ከዘመኑ ጋር ነዎት ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው። የሀገር መሪ ፊት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ! እኔ ከ30 ዓመት በኋላ ሳየው እንኳ ለሱ ፈራሁለት።

በ1987 መንግሥት ቲኤፍ 1ን ሸጠው። የገዛው ቡዊግ የሚባል ሕንፃና መንገድ የሚሠራ ኮንትራክተር ነው። ኮንትራክተር ደግሞ ያወጣውን መመለስ አለበት፣ ቲቪ ላይ ገንዘብ የሚመለሰው በማስታወቂያ ነው፣ ማስታወቂያ የሚሸጠው በተመልካች ብዛት ነው። ዓመት ሳይሞላ ሙሩዚ ተነስቶ ፔርኖ ተቀመጠ።

እና ሰውዬው ምን አሰበ መሰላችሁ? በሥራ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ቤቱ ቲቪ ፊት የሚቀመጥ ሰው ማነው? የፓሪስ ፖለቲከኛ አይደለም፣ ሬስቶራንት ነው ያለው። ተማሪም አይደለም። ማዳም ናቸው። ጡረተኛው ነው፣ ከእርሻው ለምሳ የገባው ገበሬ ነው፣ የትንሽ ከተማ ሱቅ ዘግቶ እስኪከፍት ድረስ እቤቱ የሚበላው ሰው ነው። ይሄ የኔ ግምት ነው፣ ግን ዜናውን ሰባት ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ ስላየሁት እርግጠኛ ነኝ ማለት እችላለሁ። ዜናውን ለነሱ ሠራላቸው። ፓሪስ ስቱዲዮ ውስጥ ሆኖ ፓሪስን አወጣት። ከየክልሉ ጋዜጦች ጋር ተነጋግሮ በየአካባቢው ሪፖርተርና ካሜራ ያላቸው ቢሮዎች ዘረጋ፣ የብሬታኝን ዜና የብሬታኝ ሰው፣ የአልዛስን የአልዛስ ሰው ይልካል። ብዙ ቀን ዜናው የሚጀምረው በአየር ፀባይ ነው። በረዶ ጣለ፣ ወይን ጠጁ ውርጭ መታው፣ ወንዝ ሞላ። ከዛ ነዳጅ፣ ግብር፣ የባቡር አድማ፣ የዘጋ ፖስታ ቤት። ወደ መጨረሻው ላይ ደግሞ ቅርጫት የሚሠራ ሽማግሌ፣ ወይ የድሮ ደወል የሚያድስ አንጥረኛ፣ ወይ አይብ። አይብ መቼም የማይቀር ነው።

ጋዜጠኞቹ ይስቁበት ነበር። «የአያቶች ዜና» ይሉታል፣ የድሮ ናፋቂ ይሉታል፣ በል ሲላቸውም ከዛ የከፋ። በየቀኑ ወደ 5 ሚሊዮን ሰው ነበር የሚያየው፣ በዛ ሰዓት ቲቪ ከከፈተው ከአሥሩ አራቱ ማለት ነው። እሱም ሳቃቸውን እንደማይሰማ ሆኖ አይቡን ያቀርባል።

ፈረንሳይኛ የተማርኩት ከሱ ነው ብል ውሸት የለውም። ማዳም ጥርሳቸው እያስቸገራቸው ቃሉን ግማሽ በግማሽ ይውጡታል፣ እሱ ግን አጥርቶ፣ አጭር አጭር አድርጎ ነው የሚያወራው። ደብተር ይዤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ቬርግላ» አለ፣ አስፋልት ላይ እንደ መስታወት የሚጋገር በረዶ፣ ዓይን አያየውም፣ እግር ነው የሚያየው። ከሱ ሥር «ሳቦቲዬ»፣ የእንጨት ጫማ የሚጠርብ ሰው። ከሱ ሥር ደግሞ በጎችን በበጋ ወደ ተራራ ለማውጣት ያላቸው አንድ ረጅም ቃል። ማታ ማታ ቋንቋ የምታስተምረኝ በጎ ፈቃደኛ ሴትዮ አንድ ቀን ደብተሬን ገልጣ «የእንጨት ጫማ ሠሪን በስሙ ታውቂያለሽ፣ የደመወዝ ወረቀት ምን እንደሚባል ግን አታውቂም» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። በፔርኖ ፈረንሳይኛ ገበያ መሄድ ትችያለሽ፣ ላም መሸጥ ትችያለሽ፣ ቢሮ መግባት ግን ከባድ ነው።

እናቴ ቀን የምትቆጥረው በታቦት ነው። ዛሬ ስንት ነው ስትሏት «ሚካኤል» ትላለች እንጂ «አሥራ ሁለት» አትልም። የፔርኖ ዜናም ልክ እንደዛ ነበር። ፌብሩዋሪ 2 ሲሆን ስስ ቂጣ የሚጋገርበት ቀን ነው፣ ከየመንደሩ ምጣድ ይታያል። ሜይ 1 ሰው ለሰው የሚሰጣት ነጭ ደወል የመሰለች አበባ አለች፣ የሚለቅሟት ሰዎች ይቀርባሉ። ሴፕቴምበር ተማሪ ቤት፣ ኖቬምበር ሦስተኛው ሐሙስ አዲሱ የቦዦሌ ወይን፣ ዲሴምበር የዝይ ጉበት። የዝይ ጉበቱ ጊዜ በኛ ፆመ ነቢያት ነው፣ ማዳም ዳቦ ላይ ቀብተው «ቅመሺ» ሲሉኝ እኔ ስከላከል በየዓመቱ አንድ ዓይነት ጭቅጭቅ ነበረን። «ዣን-ፒየር እንኳ እያሳየሽ?» ይላሉ፣ እሱ የፆም ፈቃድ የሚሰጥ ጳጳስ ይመስል። ብቻ ምን ልላችሁ ነው፣ ሰው ሀገር መጥተሽ የመጀመሪያው ዓመት ላይ የሚያደናብርሽ ቋንቋው ብቻ አይደለም፣ ዓመቱ ራሱ ማያያዣ የለውም፣ ወሩ ከወሩ አይለይም። እኔ ዓመቱን ያያያዝኩት በሱ ዜና ነው።

ልጅ ሆኜ በኛ ቤት ቲቪ ላይ ዜና አንባቢ ማለት የተሰጠውን ወረቀት ሳይሳሳት የሚያነብ፣ ፊቱ ላይ ዝናብም ፀሐይም የማይታይበት ሰው ነው። ቃሉ ራሱ አንባቢ ነው የሚለው። እነዚህ «ፕሬዛንታተር» ይሉታል፣ አቅራቢ፣ ልክ ምግብ እንደሚያቀርብ። ፔርኖ ደግሞ አቅራቢ ብቻ ሳይሆን ማድ ቤቱም የሱ ነበር፣ የዛ ዜና ዋና አዘጋጅ እሱ ራሱ ነው፣ የቱ ይቅደም የቱ ይውደቅ የሚለው። ሪፖርቱ ሲያልቅ ካሜራው ወደሱ ይመለሳል፣ ያኔ ትከሻውን ትንሽ ይነቀንቃል፣ ወይ ትንፋሹን ይለቃል፣ አንድ ቃል ጣል ያደርግና ወደሚቀጥለው ያልፋል። አንድ ቃል ብቻ። ስለ መንገድ ፍጥነት ገደቡ፣ ስለ አዲስ ግብር፣ ስለ ፓሪስ ባለሥልጣን። ማዳም ያቺን ቃል ነው የሚጠብቁት። ስትመጣ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ቸብ ያደርጉና «አላልኩሽም?» ይሉኛል፣ ምንም አላሉኝም ግን።

ያቺ ትንሽ ቃል ግን ትናከሳለች።

ቋንቋው እየገባኝ ሲመጣ እንደማንኛውም ሰው ጎግል አደረግኩት። በ1998 ቴሌራማ ለሚባል መጽሔት የተናገረው ነገር አለ፣ በየቦታው ይጠቀሳል። በኔ አነጋገር ላስቀምጠው፣ የ13 ሰዓቱ ዜና የፈረንሳዮች ዜና ነው፣ ስለ ቬንዙዌላ ማወቅ የፈለገ የቬንዙዌላን ቻናል ይክፈት፣ ስለ ሱዳን የፈለገ የአፍሪካ ቻናሎችን ይይ ነው ያለው። ሱዳን። ካርቱም ውስጥ ዓመት ከመንፈቅ ሠርቻለሁ፣ በዛ ሙቀት የሰው ቤት ልብስ ተኩሻለሁ፣ ለሱ የሩቅ ምሳሌ የሆነችው ሀገር ለኔ ሰፈር ናት። አውቶብስ ውስጥ ነበር ያነበብኩት፣ ስልኬን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና መስኮት መስኮቱን ሳይ ደረስኩ። በነጋታው ሰባት ሰዓት ላይ 1 ቁጥርን ስጫን እጄ ትንሽ ዘገየች፣ ማዳምም አዩኝ።

ተናድጄ ነበር፣ አሁን ግን ንዴቱ ራሱ ግራ ያጋባኛል። ሌሎቹስ ምን ያደርጋሉ? ሁሉም ዜና ቤት የሚያስበው ያንኑ ነው፣ ለማን ነው የምሠራው፣ እሱ አፍ አውጥቶ ተናገረው እንጂ። በማርች 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰው ሲሞት ሀገሬ ማዳም ሳሎን ውስጥ ገባች፣ ውስጡ ፈረንሳውያን ስለነበሩበት፣ ጥቁር ሳጥኑም ለምርመራ ወደ ፓሪስ ስለመጣ። በዛ ሳምንት ማዳም እጄን ይዘው ነበር የሚያዩት። ከዛ በፊትም ከዛ በኋላም እዛ ስንት ነገር ሆኗል፣ ሳጥን ስላልላክን ማንም አልሰማም።

በጣም ያመመኝን ልንገራችሁ። ኦክቶበር 2016 መጨረሻ ላይ ካሌ የነበረው «ጫካ» የሚሉት የስደተኞች ካምፕ ፈረሰ። ወደ እንግሊዝ ለመሻገር የሚጠብቅ ሱዳኑም፣ አፍጋኑም፣ ኤርትራዊውም፣ የኛም ልጅ እዛ ነበር። የኛና የኤርትራ ልጆች በእንጨትና በላስቲክ የሠሯት ቤተ ክርስቲያን ነበረች፣ አንድ እሁድ ሄጄ አስቀድሻለሁ፣ ጫማ አውልቄ ጭቃ የረገጥኩበት ቅዳሴ ያ ብቻ ነው። ካምፑ ሲፈርስ ሰዎቹን በአውቶብስ እየጫኑ በመላው ሀገሪቱ ወደተከፈቱ ማረፊያዎች በተኗቸው፣ አንዱ ማረፊያ እኛ አካባቢ ነበር። አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ሲፈለግ ተጠራሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። አብዛኞቹ ልጆች ናቸው፣ 19፣ 20። ከቁምጣና ከሸበጥ በቀር የሌለው ነበረ፣ በኖቬምበር፣ በሰሜን ፈረንሳይ።

ኖቬምበር 10 ቀን ፔርኖ የፈረንሳይ ቤት አልባዎች ማደሪያ አጥተው የሚያሳይ ሪፖርት አቀረበ። ሲያልቅ ካሜራው ወደሱ ተመለሰ፣ ያቺ ቃል መጣች። ለቤት አልባዎቹ ቦታ የለም፣ በዛው ልክ ግን የስደተኞች ማረፊያ በየቦታው መከፈቱ ቀጥሏል ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። ሀገር ተንጫጫ፣ ብሮድካስት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ድረስ አቤቱታ ሄደ፣ ጋዜጣውም ሶሻል ሚዲያውም ለቀናት እሱን አኘከ። እኛ ሳሎን ውስጥ ግን ጸጥታ ነበር። ሾርባው ይጨሳል። ማዳም ጠረጴዛውን ቸብ አላደረጉም፣ «አላልኩሽም»ም አላሉኝም፣ ግን ደግሞ ትንሽ ቆይተው «እውነቱን ነው እኮ፣ ክረምት እየመጣ ነው» አሉ። እኔ ሳህን አነሳሁ። ማድ ቤት ገብቼ ውሃውን ለቀቅኩት፣ ያልቆሸሸ ድስት አጠብኩ።

ስመለስ ዜናው አልቋል፣ ቲቪውን ራሳቸው አጥፍተውታል፣ ያን በፊት አድርገውት አያውቁም። «ያንቺ ልጆች» አሉ፣ «የእግራቸው ቁጥር ስንት ነው?»

ባላቸው ከሞቱ 11 ዓመታቸው ነበር። ቁምሳጥኑ ሥር አምስት ጥንድ ጫማ በካርቶን ተቀምጧል፣ ሁሉም በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ሁሉም 44 ቁጥር። ከቆዳ ነው፣ ወፍራም ሶል ያለው፣ በእርሻ የሚረገጥ። ቅዳሜ ይዤ ሄድኩ። የኛ ልጆች እግር 41ና 42 ነው፣ አንዱ ብቻ፣ ከጎንደር ገጠር የመጣ ዝርግፍ ያለ ረጅም ልጅ፣ 44 ልክ ሆነው። ሌሎቹ ሦስት ሦስት ካልሲ እየደረቡ ተከፋፈሏቸው። ለማዳም ስነግራቸው ካልሲውን አላሰቡትም ነበርና በሚቀጥለው ሳምንት ካልሲ ገዙ።

እንግዲህ ስለዚች ሴትዮ ምን ልበል? ወይስ ስለሱ? እኔ በሁለቱም ላይ ፍርድ አልጨረስኩም። አንድ ነገር ግን ልክ ነበር፣ መንደሮቹ እንደተዘነጉ እሱ ከማንም በፊት ያውቃል። ስለ ነዳጁ፣ ስለ ገጠር መንገዱ ፍጥነት ወደ 80 መውረድ፣ ስለ ዘጋው ዳቦ ቤት በየቀኑ ሲያወራ ፓሪሶቹ ይስቁ ነበር፣ ኖቬምበር 2018 ላይ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሕዝብ አደባባዮቹን ሲዘጋ ግን ማንም አልሳቀም። ማዳም በበኩላቸው ምንም አልደነቃቸው።

በዛው ዓመት አፕሪል ላይ ፕሬዚዳንት ማክሮን ሕዝቡን ማናገር ፈለጉ፣ የት ሄዱ? ፔርኖ ጋ። ኖርማንዲ ውስጥ ቤርድዊ የምትባል ትንሽ መንደር፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ክፍል ውስጥ፣ የልጆች ሥዕል ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ሁለቱ ትይዩ ተቀመጡ። ማዳም ለዛ ቀን ጸጉራቸውን አስተኩሰዋል፣ ሙት እላችኋለሁ። ማክሮን ከጡረተኞች ላይ ስለተጨመረው መዋጮ ሲጠየቁ ጡረተኞችን አመሰገኑ፣ ማዳም «ምስጋናህን ያዝ፣ ገንዘቤን መልስ» ብለው ቲቪው ላይ ጮሁ። በዛችው ክፍል ውስጥ፣ በነዛ የልጆች ሥዕሎች መሀል ግን፣ ማክሮን ሶርያ ውስጥ የኬሚካል መሣሪያ ለመተኮሱ ማስረጃ እንዳላቸው ተናገሩ። የሶርያን ዜና የፈለገ የሶርያን ቻናል አላየም፣ እዛችው መንደር ተማሪ ቤት ድረስ መጣለት።

ከዛ መታመሙ መጣ። በ2018 የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለበት ተናገረ፣ ታከመ፣ ቶሎ ተመለሰ። የሚናገረውም ስለራሱ ሳይሆን ወንዶች እንዲመረመሩ ነበር። እኛ ጋ ይሄ ዓይነት በሽታ ስሙ ጠርቶ አይነገርም፣ «ያ በሽታ» ነው የሚባለው፣ ስለዚህ በምሳ ሰዓት በሙሉ ስሙ ሲጠራ እኔ ነኝ የተሸማቀቅኩት። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ዕድሜው 70 እየሞላ ስለነበር ስቱዲዮውን ዣክ ለግሮ ያዘለት፣ እሱ ከቤቱ በካሜራ ይገባል። ማዳም በጣም ደስ አላቸው። «እሱም እንደኛ እቤቱ ታሰረ» አሉ። ኋላው ያለውን መደርደሪያ እያዩ ስለ አቧራው አስተያየት ይሰጣሉ። ያኔ ከሱና ከማዳም በቀር የማየው ፊት አልነበረም፣ መንደሩ በሙሉ ተዘግቷል፣ እኔ በማስክና በጓንት ገብቼ እወጣለሁ።

ሴፕቴምበር ላይ እለቃለሁ አለ። ዲሴምበር 18 ቀን የመጨረሻውን አቀረበ። ማዳም 91 ሞልቷቸዋል፣ አንድ ዓይናቸው ደክሟል፣ ወንበራቸውን ቲቪው አፍንጫ ሥር ነው የማስጠጋላቸው። መጨረሻ ላይ ድምፁ ሲቆራረጥ እሳቸው አላለቀሱም። «ከእንግዲህ ስንት ሰዓት ነው የምበላው?» ብለው ጠየቁኝ፣ የምራቸውን።

እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ግማሽ ልቤ እዛ አልነበረም። ኖቬምበር ላይ ሀገር ቤት ሰሜኑ ውስጥ ጦርነት ተነስቷል፣ ስልክ ተቋርጧል፣ አክስቴ ያለችበት ከተማ ስትደውሉ ያ የሴትዮዋ ድምፅ ብቻ ነው የሚመልስላችሁ። ጠረጴዛው ሥር ጉልበቴ ላይ ስልኬን አድርጌ ከአንዱ የአማርኛ ቻናል ወደ ሌላው እዘላለሁ፣ አንዱ ያለውን ሌላው ያፈርሰዋል፣ የትኛውን እንደምይዝ አላውቅም። ላይ ጠረጴዛው ላይ ፔርኖ የስንብት ቃሉን ይናገራል፣ ታች ጉልበቴ ላይ ጦርነት። በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፣ ልክ እሱ በ1998 እንዳለው እያደረግኩ ነበር። የሀገሬን ዜና የፈለግኩት ከአፍሪካ ቻናሎች ነው።

ማዳም በ2021 ክረምት ሳይገባ እንቅልፋቸው ውስጥ አረፉ። በዛው ዓመት መጨረሻ ፔርኖ የሳንባ ካንሰር እንዳለበት አሳወቀ፣ ሲጋራ ያበዛ እንደነበር ራሱ ተናግሯል፣ ማርች 2 ቀን 2022 ፓሪስ ውስጥ ሞተ፣ 71 ዓመቱ ነበር። ዩክሬን ጦርነቱ ከተጀመረ ገና ሳምንቱ ነው፣ ቻናሉ ሁሉ ታንክና ስደተኛ ነው፣ በዛ መሀል ነው የሱ ፎቶ የመጣው። አዲሶቹ ደንበኞቼ ቤት ነበርኩ፣ ባልና ሚስት፣ እነሱ ሌላ ቻናል ነው የሚያዩት። «ውይ ያ የአይቡ ሰውዬ» አለች ሚስትየው፣ ሻይዋን ጨረሰች። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። ለማን እንዳለቀስኩ እንኳ ለይቼ አላውቅም።

ዜናው አሁንም አለ። ወንበሩን የያዘችው ማሪ-ሶፊ ላካሮ ናት፣ ከተፎካካሪው ፍራንስ 2 ነው ያመጧት፣ ጎበዝ ናት፣ ትከሻዋን ግን አትነቀንቅም። መንደሮቹም አይቡም አሉ። ባለቤት ላጣ የመንደር ሱቅና ዳቦ ቤት ተረካቢ የሚፈልጉበት «ኤስኦኤስ ቪላዥ» የሚሉት በሱ ጊዜ የተጀመረ ነገርም ቀጥሏል።

ባለፈው ክረምት ያ ከጎንደር የመጣው ረጅሙ ልጅ ዋትስአፕ ላይ ቪዲዮ ላከልኝ። ወረቀቱን ካገኘ በኋላ የዳቦ ጋጋሪነት ሙያ ተምሮ ደቡብ ውስጥ አንድ መንደር ዳቦ ቤት ይሠራል፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነሳል፣ በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ እሱም እንደኔ ስድስት እየቀነሰ ነው የሚኖረው። ቪዲዮው ከ13 ሰዓቱ ዜና የተቆረጠ ነው፣ ስለ መንደሩ ገበያ የተሠራ ሪፖርት። አንድ ሽማግሌ ስለ ድንቹ ያወራል፣ አንዲት ሴትዮ አበባ ታሸታለች፣ ከዛ የዳቦ ጠረጴዛ።

«አየሽኝ?» ብሎ ጽፏል።

ሦስቴ ደጋግሜ አየሁት። «የቱ ጋ ነህ?» አልኩት።

«ዳቦውን የሚያቀብለው እጅ» አለኝ።

መልሼ አየሁት። ልክ ነው፣ ዱቄት የነካው ጠይም እጅ ሁለት ረጅም ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ያቀብላል፣ የሴትዮዋን ሳንቲም ይቀበላል፣ አራት ሰከንድ ቢሞላ ነው። ጫማውን ካሜራው አላነሳውም።